ስንት ሞተር ልጠቀም ላለኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የኤሌክትሪካል ተማሪ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ሙዚቃን በንዝረት የሚያስተላልፍ ጃኬት እየሠራሁ ነው፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ነው፣ ደስታና ሐዘንን ለመለየት ስንት ሞተር ልጠቀም?» ይላል። በሁለት መስመር የሚመለስ ነገር ነበር፣ ግን አንድ ሰርግ ትዝ አለኝና ስልኩን አስቀመጥኩት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንለው። በሳምንቱ ቀን ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሳውንድ አከራያለሁ። ሁለት ትልልቅ ስፒከር ነበሩኝ፣ የአንዱ ኮን ተቀዶ በኮላ ለጥፌዋለሁ፣ እሷን ከልጅ አስበልጬ ነው የምጠብቃት። ዳሱ ጢም ብሏል፣ ጉራግኛው ሲጀመር አንድ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጥቶ ደረቱን ስፒከሯ ላይ ልጥፍ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ሰክሯል ብዬ ኮሌታውን ይዤ ጎተትኩት። ተመልሶ መጣ። ጮህኩበት፣ ዞር አይልም። «ደንቆሮ ነህ እንዴ!» አልኩት፣ ለካ አጠገቤ ያለው ማይክ ክፍት ነው፣ ዳሱ በሙሉ ሰማ፣ ግማሹ ሳቀ ግማሹ ጭጭ አለ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ መጣችና «ወንድሜ ነው፣ አይሰማም፣ ሙዚቃ የሚሰማው በደረቱ ነው» አለችኝ። ልጁ ስድቤን አልሰማም፣ የእህቱን ፊት ግን አየ፣ ወጣ።

ትንሽ ቆይቼ ሳየው ከደጅ ሆኖ የዳሱን ቋሚ እንጨት በመዳፉ ይዟል፣ እግሩ ከበሮው ላይ ልክ እየወረደ ነው። ከዛ አንድ አባት መጥተው «ቤዙ ልቤን መታኝ፣ ቀንስልን» አሉኝ፣ ቀነስኩት። የልጁ እጅ ከእንጨቱ ወረደ። አይቻለሁ፣ ለምን እንደወረደም ገብቶኛል። መልሼ አልጨመርኩትም፣ ሄጄ ይቅርታም አላልኩትም፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ገመዴን ጠቅልዬ ሄድኩ።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ደስታ ሲሆን ቀኙ ሐዘን ሲሆን ግራው የሚነዝር ከሆነ ያ የትራፊክ መብራት ነው። ትዝታ ሲዘፈን «አሁን እዘኑ» የሚል አለ እንዴ? ሆድ የሚያባባው አመጣጡ ነው፣ ቀስ ብሎ መነሳቱ፣ መዘግየቱ፣ ቆም ማለቱ። ቆዳ ደግሞ እንደ ጆሮ አይደለም፣ ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ (በሰከንድ 20,000 ጊዜ የሚነዝር ማለት ነው) ይሰማል፣ ቆዳ በደንብ የሚነቃው 250 አካባቢ ነው፣ ከ1,000 ካለፈ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የማሲንቆውን ድምፅ እንዳለ ብትልክለት ብዙው ይጠፋበታል፣ ወደ ታች ማውረድ አለብህ። የሞባይል ነዛሪ ሞተሯ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት፣ ቮልቴጅ ስትጨምርላት ጉልበቷም ፍጥነቷም አብሮ ይወጣል፣ ለብቻ አይገኝም፣ ስትነሳም ትለግማለች፣ ከበሮው ካለፈ በኋላ ነው የምትደርሰው።

ልጅ ሆኜ በዐቢይ ጾም ጎረቤታችን በገና ሲደረድሩ ገበቴው ላይ እጄን አስቀምጥ ነበር። በየክሩ ሥር የምትገባው እንዚራ የሚሏት ቁራጭ ቆዳ ናት ያን እዝዝ የሚል ድምፅ የምታወጣው፣ እስከ ክርኔ ነበር የሚሰማኝ። ከበሮ መቺዋ ኤቭሊን ግሌኒም ስኮትላንድ ውስጥ በልጅነቷ መስማት ስታቆም መምህሯ ግድግዳ አስይዞ ነው የከበሮውን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያስለያት፣ እስከ ዛሬ በባዶ እግሯ ነው መድረክ ላይ የምትጫወተው።

ስለዚህ ጃኬቱ ይቅርብህ፣ ጥሩ የእንጨት ወለል ይበቃል ልልህ ነበር። ግን ወለል ቫዮሊኑንና ከበሮውን አይለይም፣ ክዩትሰርኪት የሚባለው የለንደን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሃምቡርግ ኦርኬስትራ ኮንሰርት በሠራው ሸሚዝ ቫዮሊኑን ክንድ ላይ፣ ከበሮውን ጀርባ ላይ አድርጎታል። ስለዚህ ጃኬቱን ሥራው፣ ምን አገባኝ።

የዘንድሮ ልጆች ኮዱን ኤአይ ጽፎላችሁ፣ የስታርታፑ ሎጎ አልቆ፣ የሚለብሰውን ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አላገኛችሁትም። እኔስ ያኔ ምን የተሻልኩ ነበርኩ?

ስንት ነው ያልከኝ? በሁለት ጀምር፣ አንዱ ደረት ላይ አንዱ ጀርባ ላይ። የምትጨምረዋንና የምትቀንሰዋን ቁልፍ ግን የለባሹ እጅ የሚደርስበት ቦታ አድርጋት፣ አንተ ጋ እንዳትሆን።