ዓሣው አለመሞቱ ጤነኛነቱን አያሳይም

ጤና ይስጥልኝ። «ከሰው ሰውነት የሚወጣ የመድኃኒት ቅሪት ወንዝ ቢገባ፣ ዓሦቹ እስካልሞቱ ድረስ ምን ጉዳት አለው?» ብለው ጠይቀዋል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ሞት ሳይመጣ በጠባይ ላይ ይታያል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ፐርች የተባለውን ዓሣ፣ ለጭንቀት የሚታዘዘው ኦክሳዜፓም በጥቂቱ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ አቆዩት። ዓሦቹ ደፋር ሆኑ፣ ከመንጋቸው ራቁ፣ ምግባቸውንም ፈጥነው መብላት ጀመሩ። ላይ ላዩን ሲታዩ ጤነኞች ናቸው። ለትንሽ ዓሣ ግን ፍርሃት ጋሻው ነው።

ይበልጥ ያስገረመኝ በ2025 የወጣው ጥናት ነው። በስዊድን ዳል ወንዝ ወደ ባሕር የሚሰደዱ ሳልመን የተባሉ ወጣት ዓሦች ሰውነት ውስጥ፣ እንደ ኦክሳዜፓም ለጭንቀት የሚታዘዘውን ክሎባዛም የተባለ መድኃኒት ቀስ በቀስ የሚለቅ ቁስና መገኛቸውን በድምፅ ሞገድ የሚጠቁም ጥቃቅን መሣሪያ ተተከለ። መድኃኒቱን ካልወሰዱት ይልቅ ከወሰዱት ብዙዎቹ ባሕር ደረሱ፤ የኃይል ማመንጫ ግድቦቹንም ፈጥነው አለፉ። እባክዎ ይህን «ጠቀማቸው» ብለው አይተርጉሙት! ሳልመን ባሕር ውስጥ ከአዳኝ ተርፎ፣ አድጎ፣ ለመራባት ወደ ወንዙ መመለስ አለበት። ተፈጥሮ የሰጠችው ጥንቃቄ ከተዛባ ይህ ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ከሰው ሰውነት ወጥቶ ወንዝ የሚገባ የሆርሞን ቅሪትማ ከዚህም ይከፋል፤ በእንግሊዝ ወንዞች፣ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ውሃ በሚለቁበት አካባቢ፣ በወንድ ዓሦች የዘር ፍሬ ውስጥ እንቁላል ተገኝቷል።

የተለመዱት ማጣሪያዎች እነዚህን ቅሪቶች ሙሉ በሙሉ አያስወግዱም። ኦዞን የተባለው ጋዝና አክቲቭ ካርቦን (ቅሪትን ስቦ የሚይዝ ልዩ ከሰል) ግን በእጅጉ ይቀንሷቸዋል። እነዚህ በየማጣሪያው እስኪገጠሙ ድረስ የተረፈ መድኃኒት መጸዳጃ ቤት ውስጥ አይድፉ።