ጉም የለበሰ ጦር፦ ወታደሮቻችሁ ላይ ቫርኒሹ ነጭ ሲሆን

ከደብረ ሲና አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል።

«ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር የአድዋን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ ልንጫወት ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ስንቀባ ከረምን። ቁመታቸው ሁለት ሴንቲ ተኩል ቢሆን ነው። ቀብተን ስንጨርስ በጣም አምረው ነበር። መጨረሻ ላይ ቀለሙ እንዳይላጥ ብለን በረንዳ ላይ ደርድረን የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ፣ ማት የሚሉትን፣ በስፕሬይ ነፋንባቸው። በነጋታው ስናያቸው ሁሉም ዱቄት የተነፋባቸው ይመስላሉ። ለጣሊያን የተዋጉት የአስካሪዎቹ ቀይ ቆብ፣ ታርቡሹ፣ ሮዝ ሆኗል። የሰዉ ፊት አመድ መስሏል። ይባስ ብሎ የአንዳንዶቹ ጦርና ጠመንጃ ላይ ቀለሙ እየተቀረፈ ነው። ሁሉንም አጥበን እንደ አዲስ እንጀምር? ወይስ የተበላሸ ቫርኒሽ ነው የሸጡልን?»

አታጥቡ። ቢያንስ ገና አታጥቡ። ቫርኒሹም ደህና ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ውስጥ ያሉት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ነጩ ነገር የመጣው ከአየሩ ነው። ጦሩ ላይ የሚቀረፈው ደግሞ ከፕላስቲኩ ነው። ሁለቱን ካቀላቀላችሁ መድኃኒታቸውም ይምታታባችኋል።

ከነጩ ልጀምር። እኔ እንጀራዬ ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ቀለም መቀባት ነው፤ ወታደሮቹ የማታ ሥራዬ ናቸው። ይሄ ነጭ ነገር መኪና ላይም ይመጣል፣ ምክንያቱም ያው ነው። ስፕሬዩ ውስጥ ቫርኒሹን ያቀጠነው ቲነር ነው። ቲነር ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከቆርቆሮው የሚወጣው ጋዝም ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ የወታደሩ ገላ ለጥቂት ጊዜ ከአካባቢው አየር የበለጠ ይበርዳል። አየሩ እርጥበት ካለው እዚያ ቀዝቃዛ ገላ ላይ ጤዛ ይሆናል። ቫርኒሹም ጤዛውን እንደያዘ ይደርቃል። በኋላ ውሃው ሲጠፋ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ትቶ ይሄዳል። ብርሃን እነሱ ላይ ሲበተን እናንተ ነጭ ታያላችሁ።

ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ጉም እንግዳ አይደለም። ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ይዞ ወደ ጣርማበር ሲወጣ በረንዳችሁን አልፎ ነው የሚሄደው። በእንዲህ ያለ ቀን ስፕሬይ መንፋት ማለት ወታደሮቹን ጤዛ ማልበስ ነው።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። ማት ቫርኒሽ የማያብለጨልጨው ውስጡ ደቃቅ ዱቄት ስላለው ነው። ቆርቆሮው ቆሞ ሲከርም ዱቄቱ ከሥር ይዘቅጣል። በደንብ ሳይናጥ ከተነፋ አንዱ ወታደር ቫርኒሽ ብቻ ይደርሰዋል፣ ሌላው ዱቄቱን ይጠጣል።

የቱ እንደደረሰባችሁ ለማወቅ አንዱን ወታደር መስኮት አጠገብ ይዛችሁ እዩት። ነጩ ከራስ እስከ እግር እኩል ከሆነና ሲዳሰስ ለስላሳ ከሆነ እርጥበት ነው። በልብሱ እጥፋት ውስጥ ብቻ ከተጠራቀመ ዱቄቱ ነው፣ ወይም አብዝታችሁ ነፍታችኋል። ጣታችሁን እንደ አሸዋ የሚቧጥጥ ከሆነ ደግሞ ቫርኒሹ አየር ላይ እንዳለ ደርቆ ነው ያረፈው። ከሩቅ ነፍታችኋል ወይም ነፋስ ነበር።

አሁን ዋናውን ምርመራ አድርጉ። ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ የአንዱን አስካሪ ታርቡሽ አርጥቡት። እርጥብ እያለ ቀዩ ተመልሶ ከታየ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ከሥር ያለው ቀለም ምንም አልሆነም። ውሃው ቀዳዳዎቹን ስለሞላ ነው ቀለሙ የታየው። ውሃው ሲደርቅ ነጩ ይመለሳል፤ በውሃው ፋንታ የማይተን ነገር ከሞላንበት ግን አይመለስም።

ያ የማይተን ነገር የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ነው። በውሃ የሚቀጥነውን፣ በብሩሽ የሚቀባውን ግዙ። ለስላሳ ብሩሽ ያዙና ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። እጥፋቶቹ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ፣ እንዲኩረፈረፍ ግን አታሹት። መጀመሪያ አንድ ወታደር ብቻ ቀብታችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ቀለሙ ከተመለሰ ሌሎቹን ቀጥሉ። ትንሽ ነጭ ከቀረ አንድ ጊዜ ድገሙት። ወታደሮቹ እንደ ሸክላ ሲያብለጨልጩ አትደንግጡ፤ ማቱን በኋላ በብሩሽ ከላይ ትደርባላችሁ። አሸዋ አሸዋ የሚለውን ግን ቫርኒሽ አያድነውም። መጀመሪያ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አራግፉት፣ ከዚያ ሞክሩ።

የወይራ ዘይት የሚቀቡም አሉ። እውነት ነው፣ ነጩን ያጠፋል፣ በዚያው ምክንያት። እኔ አልወደውም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ በላዩ ላይም ሌላ ቀለም አይዝም። የኑግ ዘይትማ አይታሰብ።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጠላና ጋቢ የለበሱት የእኛ ሰዎች ላይ ነጩ ብዙ ካልከፋ ፊታቸውንና እጃቸውን ብቻ አስተካክላችሁ ልብሱን ተዉት። የምኒልክ ጦር ከአዲስ አበባ የተነሳው ጥቅምት ላይ ነው፣ የተዋጋው የካቲት 23 ቀን 1888። ይህን ሁሉ ወር በበጋ አቧራ ውስጥ በእግሩ የተጓዘ ሰው ልብሱ እንደ ጥምቀት ልብስ ሊነጣ አይችልም። ብዙ ሰው የአድዋን ጦር ሲቀባ ንጹሕ ነጭ ይለቀልቅበታል፤ እኔ ሳየው ዓይኔን ይወጋኛል። ለሚቀጥለው ዙር ልብሱን ከነጭ አትጀምሩ። ነጭ ላይ ጥቂት ቡናማና ግራጫ ጨምራችሁ አቡጀዲ የመሰለ ቀለም ሥሩ። እሱን ሁሉም ላይ ቀቡ። በውሃ በጣም የቀጠነ ቡናማ ቀለም እጥፋቱ ውስጥ አፍስሱ። ሲደርቅ ትከሻና ጉልበት ላይ ብቻ ነጭ ንኩ። ነጭ ቀለም ሌላውን የመሸፈን አቅሙ ደካማ ስለሆነ በዚህ መንገድ ድካሙም ይቀንሳል።

ወደ መንፋቱ ልመለስ፣ ነገ ያው ነገር እንዳይደገም። ሰዓቱን መምረጥ ከሁሉ ይበልጣል። በበጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። ጠዋት ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። መሣሪያ ሳትገዙ አየሩን ለመለካት የልብስ ገመዱን እዩ። ጠዋት የተሰጣ ልብስ እኩለ ቀን ላይ ካልደረቀ ስፕሬይ አትንፉ። ወታደሮቹንም ከቀዝቃዛ ክፍል አውጥታችሁ ወዲያው አትንፉባቸው፤ ፀሐይ ላይ ቆይተው ይሙቁ። ቆርቆሮውን እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት። ከዚያ ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ናጡት። ወታደሮቹን አፉ ወደ ጎን በተከፈተ ካርቶን ውስጥ አቁሙና ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ንፉ። እጃችሁ ሳይቆም ይለፍ። ሁለት ስስ ንፊት ከአንድ ወፍራም ይሻላል። መጀመሪያ ግን ሁልጊዜ አንድ መናኛ ወታደር ላይ ሞክሩ።

ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ እንዳትነፉ! ብርዱን አውቀዋለሁ፤ በራችሁን ዘግታችሁ ምድጃ አጠገብ መሥራት ያምራችኋል። ጋዙና ቲነሩ እሳት ይይዛሉ። ቆርቆሮውንም ምድጃ ወይም ምጣድ ላይ ማሞቅ ማለት ቦምብ ማዘጋጀት ነው።

በክረምት እኔ ስፕሬዩን ጭራሽ አልነካውም፣ ሁሉንም በብሩሽ ነው የምጨርሰው። ሸዋ ሮቢት ዘመድ ካላችሁ ወታደሮቹን በካርቶን ይዛችሁ መውረድም ያዋጣል። እዚያ ግን በጠዋት ንፉ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ቫርኒሹን ሳያርፍ ያደርቀውና አሸዋውን ታመጡታላችሁ።

አሁን የሚቀረፈውን እንይ። አንዱን ጦር በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አጉብጡት። ጎብጦ ከተመለሰ ፕላስቲኩ ለስላሳው ዓይነት ነው፣ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን። በዚህ መጠን በሣጥን የሚሸጡት ወታደሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ይህ ፕላስቲክ ሰም ሰም ይላል፣ ቀለም አይጨብጥም። ላዩ ላይ ደግሞ ከፋብሪካ ቅርጽ ማውጫው ላይ እንዳይጣበቅ የተቀባ ቅባት ሊኖር ይችላል። ጦሩ ሲጎብጥ ቀለሙ አብሮ ስለማይጎብጥ ይሰነጠቃል። ደረቁ ፕላስቲክ ግን ሲጎብጥ ይሰበራል እንጂ ቀለሙን አይጥልም። ስለዚህ አጎባበጡን ስትሞክሩ ቀስ በሉ።

ለተቀረፉት መድኃኒቱ አድካሚ አይደለም። የተነሳውን ቅርፊት በጥፍር አንሱ፣ የቀረውን አትነካኩ። ቦታውን በአልኮል በነከረ ጥጥ ጥረጉት። ከዚያ አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ በጥቂት ውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት። ኮላ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይለመጣል እንጂ አይሰነጠቅም። ሲደርቅ በውሃ በሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም አስተካክሉት፣ ከላይም ኮላውን አንድ ጊዜ ድገሙበት። የዘይት ኢናሜል እዚህ አይሆንም፤ ሲከርም ይደርቅና ይሰበራል።

ገና ያልተቀቡ ካሏችሁ ከመጀመሪያው ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ እሹዋቸው። ከደረቁ በኋላ በእጃችሁ አትንኳቸው። ቆርኪ ላይ በማስቲሽ አጣብቁና ቆርኪውን ይዛችሁ ቀቡ። የጎበጠ ጦር ካለ ፈልቶ የወረደ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አቅኑት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ትርፍ ፕላስቲኩን በስለት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አትሞክሩት፣ ፀጉር ያበቅላል።

ማጠብ የግድ የሚሆንባቸው ጥቂቶች ይኖራሉ፤ እጥፋታቸው በቫርኒሽ የተደፈነ፣ ፊታቸው የጠፋ። እነሱን ዴቶል ውስጥ አሳድሯቸው። ጓንት አድርጉ። ስታወጧቸው በዴቶል እየነከራችሁ በጥርስ ብሩሽ አጽዱ እንጂ ቶሎ ውሃ አታስነኳቸው፤ ቀለሙ ከውሃ ጋር እንደ ማስቲሽ ይለጠፋል። ውሃና ሳሙና መጨረሻ ላይ ነው። አሴቶንና ጋራዥ ያለው የኒትሮ ቲነር ለብረት ምስል እንጂ ለፕላስቲክ አይሆንም። ደረቁን ፕላስቲክማ ያቀልጠዋል።

እነዚህን ስትቀቡ ዓይን ለመሥራት አትድከሙ። በባህላዊው የአድዋ ሥዕል የእኛ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ጠላት በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ። በሁለት ሴንቲ ተኩል ሰው ላይ ግን ዓይን ለሁለቱም ወገን ትርፍ ነው። ከጠረጴዛ ማዶ ሲታይ ሁሉም የደነገጠ ይመስላል። ከግንባሩ ሥር ጠቆር ያለ ጥላ ይበቃል። ፊታቸውንም ከጥቁር አትጀምሩ። ቀላ ያለ ጥቁር ቡናማ አድርጉና አፍንጫና ጉንጭ ላይ በፈካ ቡናማ ንኩ። ዓይን ከሠራችሁም ለአለቆቹ ብቻ። ፊታውራሪ ገበየሁን የሚያክል ሰው ከተራው ወታደር ተለይቶ ቢሠራ ያምርበታል፤ ለምድና ጎፈሩን ጊዜ ሰጥታችሁ ሥሩለት።

አስካሪዎቹን መጀመሪያ አድኑ፣ ቀያቸው ስለሆነ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው። እስከዚያው በውሃ የሚቀጥኑትን ቀለሞችና አዲሱን ቫርኒሽ መስኮት ሥር ወይም ቆርቆሮ ጓዳ ውስጥ አታሳድሯቸው። ከጥቅምት በኋላ ውርጭ ያገኘው አክሪሊክ ሲቀልጥ እንደ እርጎ ይቋጥራል፣ ብታማስሉትም አይመለስም። የመኝታ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጧቸው። ስፕሬዩ ግን ከመኝታ ቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ይደር።