ሮኬቱ ለምን ይገለበጣል?

ሰሞኑን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ጋሼ፣ በሃይላንድ የሰራሁት የውሃ ሮኬት ትንሽ ወጣ ይልና ይገለበጣል፣ ምን ላርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከብዶኝ ሳይሆን አንድ የሰፈራችን ልጅ ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ያ ልጅ እጁ ወርቅ ነበር። ሰርግ ቤት የተጣለ ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ አንስቶ፣ ጎሚስታውን ለምኖ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቫልቮላ አስቆርጦ፣ እሱን በቡሽ መሀል ሰክቶ፣ ክንፉን ከካርቶን ሰርቶ፣ ሲሶውን ውሃ ሞልቶ በብስክሌት መንፊያ ይነፋ ጀመር። ቡሿ ስትፈናጠር ውሃው ፊቱን አለበሰው፣ ሮኬቷ ከጣራ ትንሽ ከፍ እንዳለች ተገልብጣ ቦይ ውስጥ ገባች። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀበት፣ አንድ ትልቅ ሰውማ «ቆሻሻ ከምትሰበስብ ትምህርትህን አታጠናም?» አሉት። ፕላስቲኩን ረግጦት ሄደ፣ ከዛ ወዲህ ምንም ሲሰራ አላየሁትም።

መልሱን ያወቅኩት ሜካኒካል ስማር ነው። የጎደለው አፍንጫዋ ላይ የምትለጠፍ እፍኝ የማትሞላ ጭቃ ነበረች! ሮኬት ክብደቱ ወደፊት፣ ንፋስ የሚይዘው ክንፉ ወደኋላ ካልሆነ ይገለበጣል፣ በቃ። ያኔ ይሄን የሚያውቅ አንድ ሰው እዛ ቢቆም ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ታህሳስ 2012 የኛ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትወነጨፍ ሰው ሁሉ ሲደሰት እኔ እሱን ነበር የማስበው።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ቲክቶክ ላይ አይታችሁ ትጀምሩና አንዴ እምቢ ካላችሁ ትተዉታላችሁ፣ ይሄ ያናድደኛል። ግን የጠየቀኝ ልጅም የቫልቮላውን አሰራር ያገኘው ከዩቲዩብ ነው፣ እኛ ያንን እንኳን አላገኘንም።

ለማንኛውም ልጄ፣ ውሃውን አውጥተህ ሮኬቱ ሚዛን በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሲባጎ እሰርና ከራስህ በላይ አሽከርክረው። አፍንጫው ቀድሞ ከዞረ ጨርሰሃል፣ ከተንገዳገደ ወይ ጅራቱ ከቀደመ ጭቃ ጨምር። ውሃ ግን አትጨምር፣ ጉልበቱ ያለው የታመቀው አየር ውስጥ ነው፣ ውሃ ስታበዛ የአየሩን ቦታ ትወስድበታለህ። ሃይላንዱንም ተወው ስስ ነው፣ ጋዝ የሚችለውን የለስላሳውን ፈልግ፣ እሱንም ቢሆን ከ4 ባር የአየር ግፊት በላይ አትንፋው፣ ስትለቀው ራቅ ብለህ መልቀቂያውን በገመድ ሳብ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ አንተ ሲባጎህን ይዘህ ድገመውና ምን እንደሆነ ጻፍልኝ።