«እኛ እንደነሱ አይደለንም» ማለት ይቅር

አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ፣ በተለይ ዲሲና አካባቢዋ ላላችሁ ልጆች። ሦስት ምክር አለኝ፤ ዋናው ስለ ጥቁር አሜሪካውያን «እኛ እንደነሱ አይደለንም» የምንለው ነገር ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

1. ወረቀት። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ቶሎ አውጡ፣ አድራሻ ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ። በቃ።

2. ሥራ። ያገኛችሁትን ሥሩ፣ ሥራ አይናቅም። የሠራችሁበትን ሰዓት ግን በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። በሳምንት ከ40 ሰዓት ካለፈ፣ በአብዛኛው የሰዓት ሥራ ላይ ሕጉ ለትርፉ ሰዓት (ኦቨርታይም) አንድ ተኩል እጥፍ ያስከፍላል።

3. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አንድ የፓርኪንግ አለቃ አውቅ ነበር። አዲስ ሀበሻ ሲቀጠርለት ትከሻውን መታ መታ ያደርግና «እናንተ ጎበዞች ናችሁ፣ እንደዚህ አገር ጥቁሮች አይደላችሁም» ይለዋል። ልጁ ደስ ይለዋል። ከዚያ የመውጫ ሰዓቱን ፓንች አድርጎ (አስመዝግቦ) ከወጣ በኋላ ቁልፍ ሲሰቅል፣ መኪና ሲያስጠጋ አንድ ሰዓት በነጻ ይሠራል። አብሮት የሚሠራው ጥቁር አሜሪካዊ ግን «ሰዓቴ አልቋል፣ ትከፍለኛለህ ወይ?» ይላል። ማታ ቡና ላይ «ሰነፍ» እያልን የምናማው ይህንን ሰው ነው! ሰውየው መብቱን ያውቃል፣ ሌላ ምን አጠፋ? ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ሙገሳ ጉልበቱን ሲጨርስ አየሁ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዱ ቦይስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር በ1935 ጽፎታል። የአሜሪካ ደቡብ ድሃ ነጭ ሠራተኛ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን «ከጥቁሩ እበልጣለሁ» የሚለው ስሜት እንደ ተጨማሪ ክፍያ ሆነለት። ስለዚህ ከጥቁሩ ጋር አብሮ ደመወዝ ይጨመርልን አላለም፣ ሁለቱም በድህነት ቀሩ። ለእኛም የሚከፈለን ያው ነው።

የኦቨርታይሙን ሕግ እዩት። በ1938 ሲወጣ የቤትና የእርሻ ሠራተኞችን አልጨመረም። በደቡብ ያንን ሥራ በብዛት የሚሠራው ማን ነበር? ጥቁሩ። የቤት ሠራተኞች የተካተቱት በ1974 ነው፣ ያኔም አዛውንት የሚጦሩት ተትተው ነው። በኤጀንሲ የሚቀጠሩ የሆም ኬር (አዛውንትና ሕመምተኛን ቤቱ ሄደው የሚጦሩ) ሠራተኞች በፌዴራል ደረጃ ኦቨርታይም የተፈቀደላቸው በ2015 ነው፤ ዛሬ ስንቷ እህታችን የምትሠራው ሥራ! ሰውን በርካሽ ማሠራት የፈለገ አስቀድሞ ይንቀዋል፣ ካልናቀው ሕሊናው አያስተኛውም። ያንን ንቀት ከአሠሪዎቹ ተቀብለን ቤታችን ስናስገባ ነው የምናደደው።

ጣልያን በ1935 ሲወረን ኒውዮርክ፣ ሃርለም ላይ ሰልፍ የወጡልን፣ ገንዘብ ያዋጡልን እነዚህ የምናማቸው ሰዎች ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊው ፓይለት ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ አውሮፕላን አበረረ። በ1988 ደግሞ ፖርትላንድ ውስጥ ሙሉጌታ ስራው የተባለውን ኢትዮጵያዊ በቤዝቦል ዱላ ደብድበው የገደሉት ነጭ ዘረኞች ቆዳውን አይተው እንጂ ሀበሻ ነህ ወይ ብለው አይደለም።

ልጆቻችሁም እዚህ ጥቁር ሆነው ነው የሚያድጉት። ሱቅ ውስጥ ዘበኛ ሲከተላቸው፣ ፖሊስ መኪናቸውን ሲያስቆም አማርኛቸውን የሚጠይቅ የለም። ቤት ውስጥ «እነዚህ ጥቁሮች» እያላችሁ ስታወሩ የሚሰሙት ስለራሳቸው ነው። አስቡበት እንጂ!

እና ሰኞ ሥራ ስትገቡ ያንን «ሰነፍ» የምትሉትን ሰው አነጋግሩት። ስንት እንደሚከፈለው ጠይቁት፣ የእናንተንም ንገሩት፣ ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ካለ እንዴት እንደሚገባ ያሳያችሁ። አለቃችሁ «ስለ ደመወዝ አታውሩ» ቢላችሁ አትፍሩ፤ በግል ድርጅት ለሚሠራ ለአብዛኛው ተቀጣሪ ይህ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ መብት ነው።