ስለ ማክ ሚኒና ስለ ማከማቻው፦ እናንተ ጠይቃችሁ እኔ የመለስኩት

ሰሞኑን "ማክ ሚኒ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ይሁን ብዬ "ያላችሁን ጠይቁ" አልኩ። የመጣው እነሆ። የሁለት ሰው ጥያቄ ሲመሳሰልብኝ አንድ አድርጌዋለሁ።

ለማያውቀው ያህል፦ የምናወራው በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም የፈረንጆቹ ናቸው) ስለወጣው፣ ኤም 4 ቺፕ ስላለው የአፕል ትንሽ ኮምፒውተር፣ ማክ ሚኒ ነው። ጎኑ 12.7 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ 700 ግራም አይሞላም። መነሻው 16 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ማከማቻ ይዞ አሜሪካ ውስጥ በ599 ዶላር ነው የወጣው። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ የራሳችሁ ናቸው። አፕል የመጀመሪያውን ሚኒ በ2005 በ499 ዶላር ሲያወጣም እንደዚሁ ነበር።

ጥያቄ፦ ግራፊክስ ነው የምሰራው። 256 ጊጋ ይበቃኛል ወይስ 512ቱን ልግዛ? (ከአዲስ አበባ)

256ቱን ግዢ። የተረፈሽን ገንዘብ ከውጪ ለሚሰካ (ኤክስተርናል) ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር ለሌለው ፈጣን ዲስክ አውዪው።

ምክንያቱ ዋጋ ነው። ሚኒው ሲወጣ ከ256 ወደ 512 ለመሄድ አፕል 200 ዶላር ይጨምር ነበር። 1 ቴራ ካልሽ 400 ዶላር። ሚኒው በወጣበት ሰሞን በዚያው 200 ዶላር ጥሩ የሚባል 2 ቴራ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ይገኝ ነበር። የኤስኤስዲ ዋጋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የአፕል ጭማሪ ግን ሁልጊዜም ውድ ነው።

ይሄ የሚያዋጣው ግን ምኑ ውስጥ፣ ምኑ ውጪ እንደሚቀመጥ ከለየሽ ነው። ሲስተሙ፣ ፕሮግራሞቹና አሁን በእጅሽ ያለው ስራ ውስጥ ይሁኑ። ያለቀ ስራ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ ውጪ ይውጣ። የፎቶስን (የማኩን የፎቶ ፕሮግራም) ላይብረሪ እንዳለ ጎትተሽ ኤክስተርናሉ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ የኦፕሽን ቁልፍን ይዘሽ ፎቶስን ስትከፍቺ የትኛውን ላይብረሪ እንደምትፈልጊ ይጠይቅሻል። ከማክኦኤስ 15.1 ወዲህ ደግሞ ከ1 ጊጋ በላይ የሆኑ የአፕ ስቶር ፕሮግራሞችን ውጪ መጫን ተፈቅዷል።

የውስጡን ግን ጢም አታድርጊው። ራሙ ሲጠበው ማሽኑ ከውስጥ ዲስኩ ቦታ ይበደራል። ከ40 እስከ 50 ጊጋ ያህል ባዶ ተዪለት። አሁንም ትርፍ ገንዘብ ካለሽ ራሙ ላይ ጨምሪ። ራም በኋላ አይቀየርም፣ ከውጪም አይሰካም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ኤስኤስዲ ካርቶኑ ላይ 1,050 ሜጋባይት በሰከንድ ይላል። እኔ ጋ ሲመጣ 40 አካባቢ ነው። ተሸወድኩ እንዴ? (ከአዳማ)

ዲስኩን ከመውቀስህ በፊት ኬብሉን እይ። የስልክ ቻርጀር ኬብል ሰክተህበት ነው ብዬ እገምታለሁ። ሁለቱም ጫፋቸው ዩኤስቢ-ሲ ስለሆነ በዓይን አይለዩም። አብዛኛው የቻርጀር ኬብል ግን ዳታ የሚያሳልፈው በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 480 ሜጋቢት (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው)። በተግባር ይሄ 40 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የነገርከኝ ቁጥር ራሱ ኬብሉን ያጋልጠዋል።

ከዲስኩ ጋር ካርቶን ውስጥ የመጣውን አጭር ኬብል አውጣና ሰካው። ማረጋገጥ ካማረህ የኦፕሽን ቁልፍን ይዘህ ጥግ ላይ ያለችውን የአፕል ምልክት ተጫን፣ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ክፈት፣ ዩኤስቢ የሚለውን ንካ። ዲስክህ አጠገብ 480 ሜጋቢት ከተጻፈ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። 10 ጊጋቢት ካለ በሰላም ስራ።

ሶኬቱን በተመለከተ፦ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ 10 ጊጋቢት ናቸው። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ተንደርቦልት 4 የሚባለው ፈጣን ዓይነት ሲሆኑ 40 ጊጋቢት ይደርሳሉ። ላንተ ዲስክ የፊቱም የኋላውም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ከኤክስተርናል ኤስኤስዲ ሳምሰንግ ቲ7 ወይስ ቲ9? ሪቪው ላይ ቲ9 እጥፍ ፈጣን ነው ይላሉ።

የሚስማማው ሶኬት ያለው ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ እውነት ነው። ቲ9 ያንን 2,000 ሜጋባይት የሚያመጣው 20 ጊጋቢት በሚባለው የዩኤስቢ ዓይነት ነው። ይሄ ሚኒ ያንን አይደግፍም፤ ወደ 10 ጊጋቢት ያወርደዋል። ስለዚህ ለቲ9 የከፈልከው ጭማሪ ሚኒው ላይ አይታይህም። ቲ7 ይበቃል። የክሩሻል ኤክስ9 ፕሮም እዚያው ፍጥነት ላይ ነው።

ከዚህ በላይ የምር ፍጥነት የሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ 4ኬ ቪዲዮ በቀጥታ ከዲስኩ ላይ የሚኤዲት፣ መሄድ ያለበት ወደ ተንደርቦልት ወይም ዩኤስቢ 4 ቤት (ኤስኤስዲ የሚከተትበት መያዣ) ነው። ውስጡ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣኑን የኤስኤስዲ ዓይነት ትከትበታለህ፤ በሰከንድ 3,000 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ቤቱ ብቻውን ዋጋው ቀላል አይደለም። ለሰነድና ለፎቶ ግን ልዩነቱን አታውቀውም።

ጥያቄ፦ የተበላሸ ላፕቶፕ ውስጥ የነበረ ኤስኤስዲ አለኝ። ቤት ገዝቼለት ልጠቀምበት? (ከሀዋሳ)

ተጠቀሚበት እንጂ! መጀመሪያ ግን ወርቃማ ጥርሶቹን እይ። አንድ ቦታ ብቻ የተቆረጠ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው። ሁለት ቦታ ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ሳታ የሚባለው ቀርፋፋው ዓይነት ነው። ለኤንቪኤምኢ ብቻ የተሰራ ቤት ሳታውን አያነበውም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው። ሁለቱንም የሚያነብ ቤትም አለ። ቤቱ አሉሚኒየም ይሁን፣ አብራ የምትመጣውን ለስላሳ የሙቀት ፓድ አትርሺ። ኤንቪኤምኢ ሲሰራ ይግላል፣ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሚኒው ስር የሚቀመጡት፣ ተጨማሪ ሶኬት ያላቸውና ኤስኤስዲ የሚከተትባቸው ሃቦችስ?

ቆንጆ ናቸው፣ ጠረጴዛ ያጸዳሉ። ትልቁን ዩኤስቢ-ኤ ሶኬት ሚኒው ስለተወው፣ የድሮ ፍላሽና ፕሪንተር ላለው ሰው ይጠቅማሉ። የካሜራ ካርድ ማንበቢያም አብዛኞቹ አላቸው።

ሦስት ነገር እይበት። አንደኛ፣ የኤስኤስዲው መክተቻ ብዙዎቹ ላይ 10 ጊጋቢት ነው፣ ከዚያም በታች አለ። ውድ ኤንቪኤምኢ ብትከትበት ትርፍ የለውም። ሁለተኛ፣ ሚኒው የሚተነፍሰው በታች በኩል ነው፤ አየር ያስገባውም ያስወጣውም በእግሩ ዙሪያ ባለው ክፍተት ነው። ሃቡ ያንን የሚደፍን ከሆነ አትግዛው። ሦስተኛ፣ ማብሪያዋ ከስር ጥግ ላይ ስለሆነች ለጣት የሚሆን ቦታ የተቆረጠለት ይሁን።

ጥያቄ፦ ማብሪያው ከስር መሆኑ አያናድድም?

አያናድድም። ማክ ስሊፕ ይገባል እንጂ በየቀኑ አይጠፋም። ሪቪው የሚሰራ ሰው ወሬ ሲያጣ ያነሳት ነገር ናት።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር መብራት ይሄዳል። ኤክስተርናሉ ላይ ያለው ፋይል አይበላሽም? ቢሮ ደግሞ ዊንዶውስ ነው። (ከባህር ዳር)

ከሁሉም ጥያቄ ይሄ ይበልጣል።

ዲስክ ፎርማት ስታደርግ የምትመርጠው ዓይነት እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ኤክስፋት ዊንዶውስም ማክም ላይ ይጻፍበታል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ እሱን ይመርጣል። ነገር ግን መብራት ድንገት ሲቋረጥ ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴ የለውም። እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ማውጫው ሊዘባረቅ ይችላል፤ ፎልደሩ ባዶ መስሎ ይታይሃል ወይም ዲስኩ ጭራሽ አልከፈት ይላል። የማክ የራሱ የሆነው ኤፒኤፍኤስ ግን የተሰራው እንዲህ ያለውን ታስቦ ነው፤ አዲሱ በትክክል ሳይጻፍ አሮጌውን አይለቅም። እየተጻፈ የነበረው ፋይል ሊጎድል ይችላል፣ የቀረው ግን ይተርፋል።

ስለዚህ ሚኒው ላይ የሚኖረውን ዲስክ ኤፒኤፍኤስ አድርገው። ለቢሮ መመላለሻ ሌላ ትንሽ ፍላሽ በኤክስፋት ያዝ። ኤንቲኤፍኤስ የሆነውን የዊንዶውስ ዲስክ ማክ ያነበዋል፣ አይጽፍበትም።

መብራት ሲሄድ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስም ግዛ። ሚኒው ሥራ ሲፈታ የሚበላው 4 ዋት ገደማ ነው፤ ተጨንቆ ሲሰራ እንኳ ከ65 ዋት አያልፍም። ትንሹ ዩፒኤስ ሰቭ አድርገህ፣ ዲስኩን ኢጀክት ብለህ በእርጋታ ለመዝጋት በቂ ጊዜ ይሰጥሃል። ስክሪኑንም ዩፒኤሱ ላይ ሰካው፤ ሳታይ ምኑን ትዘጋለህ!

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ለእህቴ ልልክላት ነው፣ 220 ላይ ይቃጠልባታል?

አይቃጠልም። ፓወሩ ውስጡ ነው፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ትራንስፎርመር አያስፈልጋትም። የሶኬቱ ጫፍ ብቻ ነው የሚለየው። ገመዱ ከሚኒው ስለሚነቀል፣ መጨረሻው እንደ ስምንት ቁጥር የሆነውን ገመድ እዚሁ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገዝታ ትቀይረዋለች። ሬዲዮና ቴፕ ላይ የነበረው ዓይነት ነው። ተማሪ ከሆንሽ ደግሞ የትምህርት ቅናሽ አለ፤ ሲወጣ በዚያ በኩል 499 ዶላር ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የወንድሜ ልጅ ድሮ ያመጣልኝ የ2012 ሚኒ አለኝ። ለመክፈት ዕድሜ ይፈጃል። ልጣለው?

ኧረ አባቴ፣ እንዳይጥሉት! የሚያንቀራፍፈው ውስጡ ያለው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ነው። በእሱ ቦታ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ያስገቡለት፤ ሌላ ማሽን ይመስልዎታል። ራሙም ይጨመራል፣ እስከ 16 ጊጋ ይቀበላል። ለራሙ ከስር ያለውን ጥቁር ክዳን በእጅ ማዞር ብቻ ነው። ዲስኩ ግን ጠለቅ ይላል፣ ማራገቢያውና የአንቴናው ሳህን መነሳት አለባቸው፤ ለባለሙያ ይስጡት።

አንድ ነገር ልንገርዎት። አፕል ለእሱ የሰጠው የመጨረሻ ሲስተም ካታሊና ነው፣ የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም። ጽሑፍ ይጻፉበት፣ ፎቶ ይዩበት፣ መዝሙር ይስሙበት። የባንክ ሥራ ግን አይስሩበት።

በነገራችን ላይ ሁለቱንም እንደልብ የሚያስቀይረው የመጨረሻው ሚኒ እሱ ነው። በ2014 ራሙን በየዱት። በ2018 ራሙ ተመለሰ፣ ማከማቻው ተበየደ።

ጥያቄ፦ የኤም 4ቱ ማከማቻ ይነቀላል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ራሴ ብቀይረውስ?

ይነቀላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከሱቅ የምትገዛው ኤንቪኤምኢ አይገባበትም። የሚነቀለው ሰሌዳ ላይ ያለው የማስታወሻ ቺፑ ብቻ ነው፣ የሚቆጣጠረው ክፍል ዋናው ኤም 4 ውስጥ ነው። ለእሱ ተብሎ የተሰራ ሰሌዳ የሚሸጡ አሉ። ከቀየርክ በኋላ ሲስተሙን ለመመለስ ሌላ ማክና ኬብል ያስፈልግሃል። የኤም 4ና ከፍ ያለ ቺፕ ያለው የኤም 4 ፕሮ ሚኒ ሰሌዳም አይገጣጠሙም። እጅህ የለመደ ከሆነ ሞክረው፣ ካልሆነ ውጪ መሰካቱ ይቀልሃል።

ጥያቄ፦ መርካቶ 2 ቴራ ፍላሽ በጣም በርካሽ አየሁ።

እለፈው። በሶፍትዌር ተነካክቶ 2 ቴራ ነኝ የሚል ትንሽ ፍላሽ ነው። ኮፒ ታደርግበታለህ፣ ይቀበልሃል፤ እውነተኛው አቅሙ ካለቀ በኋላ ግን የገባው ሁሉ አይከፈትም። ገዝተህ ከሆነ ኤፍ3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፍላሹን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ውሸቱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከሪቪው የትኛውን ልመን?

መጀመሪያ የትኛውን ሞዴል እንደያዘ ስማው። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት የሚወጣ ሪቪው ላይ ያለው ማሽን ራሙም ማከማቻውም የተጨመረበት ነው። አንቺ የምትገዢው መነሻውን ነው። ይሄ ለውጥ ያመጣል፤ በ2023 የወጣው ኤም 2 ሚኒ 256 ጊጋው በአንድ ቺፕ ብቻ ስለተሰራ ንባቡ ከቀደመው ኤም 1 በግማሽ ያህል ወርዶ ነበር። ይሄ የታወቀው መነሻውን የገዙ ሰዎች ሲፈትሹት ነው።

እኔ ከወራት በኋላ የተጻፈውን ነው የማነበው። ኤስኤስዲ ላይ ደግሞ ባለ አምስት ኮከቡን ትቼ አንድ ኮከብ የሰጡትን አያለሁ። "ቀለሙን አልወደድኩትም" የሚለውን እዘለዋለሁ። "በሦስተኛው ወር ራሱን እየነቀለ አስቸገረኝ" የሚል ሲደጋገም ግን ያንን ዕቃ አልነካውም።

ጥያቄ፦ ፋይሎቼ ኤክስተርናሉ ላይ ናቸው። ታይም ማሽንም (የማኩ የባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም) እዚያው ላይ ላድርገው?

አታድርጊ። ዲስኩ ሲሞት ዋናውም ቅጂውም አብረው ይሄዳሉ። ለባክአፕ ሌላ ዲስክ ያዢ፣ እሱ ርካሹ የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ቢሆን ችግር የለውም። መጠኑ ባክአፕ ከሚደረገው እጥፍ ይሁን። ታይም ማሽን ኤክስተርናሉንም እንዲያካትት መቼቱ ውስጥ ገብተሽ ተመልከቺ፤ ካልተካተተ ቅጂ ያለሽ እየመሰለሽ የለሽም።

ጥያቄ፦ ኤስኤስዲውን ስሰካ ማውሱ መንተባተብ ጀመረ። ቫይረስ ነው? (ከዱባይ)

ቫይረስ አይደለም። ዩኤስቢ 3 ሲሰራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይለቃል። ብሉቱዝ ማውስና የድሮው ዋይፋይም እዚያው ሞገድ ላይ ናቸው። ዲስኩ ፊት ለፊት፣ ማውሱ አጠገብ ተሰክቶ ከሆነ ወደ ኋላ አዙረው። ረዘም ያለ፣ ደህና ሽፋን ያለው ኬብል ግዛና ዲስኩን ከሚኒው ራቅ አድርገው። ዋይፋይህንም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይረው። ይሄ ሁሉ ካልፈታው ባለገመድ ማውስ ሰካ፤ ሚኒው ላይ የሚገባው ግን ከዩኤስቢ-ኤ ወደ ዩኤስቢ-ሲ መቀየሪያ ካለህ ነው።