ስለ ፎርድ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሶቼ እነሆ

"ስለ ፎርድ መኪና የሰማችሁትንም የጠረጠራችሁትንም ጠይቁኝ" ባልኩ ማግስት ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ያሳለፍኩ፣ እጄ ከግራሶ ያልተለየ ሰው ነኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ "መኪናን የፈለሰፈው ሄንሪ ፎርድ ነው" እያለች ትከራከረኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ክርክሩን አንተ ረትተሃል። ካርል ቤንዝ በ1886 ጀርመን ውስጥ የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ሄንሪ ገና የ22 ዓመት የሚሺጋን ገበሬ ልጅ ነበር። የእሱ የመጀመሪያ መኪና መንገድ ላይ የወጣችው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጁን 1896 ሌሊት ነው። ቀን በዲትሮይት የኤዲሰን መብራት ኩባንያ መሐንዲስ ነበር፤ ማታ ማታ ከቤቱ ጓሮ ባለች የጡብ ክፍል ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጥ ያመሻል። የሠራት ነገር አራት የብስክሌት ጎማና ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር አላት፤ የኋላ ማርሽ የላትም፤ የምትመራውም ክብ መሪ በሌለው ዘንግ ነው። ጨርሶ ሊያወጣት ሲል በሩ ጠበባት። ለወራት ብረት ሲለካና ሲቆርጥ የከረመ ሰው በሩን መለካት ረስቷል! መጥረቢያ አነሳና ግድግዳውን አፈረሰው። ቤቱ ደግሞ የኪራይ ነበር። የሰውየውን ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ከዚህች ሌሊት ይጀምር።

ጥያቄ፦ ኩባንያውን ሲያቋቁም ሀብታም ነበር?

መልስ፦ ሀብታም ቀርቶ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ነበር። በ1899 የተቋቋመው የመጀመሪያው ድርጅት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ሁለተኛውን በ1902 ከባለገንዘቦቹ ጋር ተጣልቶ ጥሎ ወጣ፤ እሱ ትቶት የሄደው ድርጅት ስሙን ቀይሮ ካዲላክ ሆነ። አዎ፣ ያው ካዲላክ። የዛሬው ፎርድ ሞተር ኩባንያ የተመዘገበው በሦስተኛው ሙከራ ጁን 16 ቀን 1903 ነው፤ በእጅ የነበረው ጥሬ ገንዘብ 28,000 ዶላር ብቻ ነበር። በሐምሌው ወር አንድ የቺካጎ የጥርስ ሐኪም የመጀመሪያዋን መኪና እስኪገዛ ድረስ የባንክ ሒሳቡ ከ300 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። የሒሳብ ሹሙ የጄምስ ከዝንስ እህት መምህርት ነበረች፤ ካጠራቀመችው ላይ 100 ዶላር አዋጣች። በ1919 ድርሻዋን ስትሸጥ ያገኘችው ከ250,000 ዶላር በላይ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር በየዕቁቡ የጣልኩት ገንዘብ ትዝ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ሞዴል ቲ የተባለችው መኪና ለምን ያን ያህል ገነነች? እውነት አነዳዷ ከዛሬው የተለየ ነው?

መልስ፦ በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ጥያቄ ነው።

በኦክቶበር 1908 ስትወጣ ዋጋዋ 850 ዶላር ገደማ ነበር። ሞተሯ ባለአራት ሲሊንደር፣ 20 የፈረስ ጉልበት ነው። ያ ዘመን የአሜሪካ ገጠር መንገድ ጭቃና ጎድጓዳ የነበረበት ነው፤ ሄንሪም የገበሬ ልጅ ስለሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ሆዷን ከመሬት ከፍ አደረገው፤ ሻንሲዋን (አካሏ የሚያርፍበትን የብረት አጥንቷን) እና ባልስትራዋን ቫናዲየም ከሚባል ማዕድን ጋር በተቀላቀለ ቀላልና ጠንካራ ብረት አሠራው። ገበሬው ደግሞ የኋላ ጎማዋን በክሪክ አንሥቶ ቺንጋ ያጠልቅባትና እንጨት ይሰነጥቅባታል፣ ውኃ ይስብባታል። ስትሰበር ባለቤቱ ራሱ በመፍቻና በሽቦ ይጠግናታል።

አነዳዷን ያየሁት ዲርቦርን ባለው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም መንደር ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ነው። ዓይኔ ከእግሩ ላይ አልተነሣም። ሦስት ፔዳል አላት፤ ግን ነዳጅ የሚሰጠው አንዱም አይደለም። ነዳጅ የሚሰጠው ከመሪው ሥር በምትገኝ ትንሽ ዘንግ፣ በእጅ ነው። የግራው ፔዳል እስከ ታች ሲረገጥ ከባድ ማርሽ ይገባል፤ ግማሽ ሲረገጥ ቀንበር እንደሌለው በሬ ሳትጎትት ትቆማለች፤ እግር ሲነሣ ፈጣኑ ማርሽ ይገባል። የመሃሉ ፔዳል የኋላ ማርሽ ነው። ፍሬኑ የቀኙ ነው። ሠላሳ ዓመት የነዳሁበትን እግሬን "ይህን ሁሉ እርሳ" ብለው እሺ የሚለኝ አይመስለኝም።

ሞተሩን በእጅ በሚሽከረከር ብረት የሚያስነሡ ሰዎች ደግሞ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ማዘግየት ከረሱ ብረቱ ወደ ኋላ ተወርውሮ ክንድ ይሰብራል። ነዳጁ በፓምፕ የሚገፋ አይደለም፤ ከፊት መቀመጫው ሥር ካለው መያዣ በራሱ ክብደት እየወረደ ነው ሞተሩ የሚደርሰው። ስለዚህ ነዳጁ ባነሰ ጊዜ ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ሞተሩ ይራባል። መፍትሔው ምን ነበር? መኪናዋን አዙሮ አቀበቱን በኋላ ማርሽ መውጣት! እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ተሠርታለች።

ጥያቄ፦ "ጥቁር እስከሆነ ድረስ የፈለጋችሁትን ቀለም ምረጡ" ያለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አባባሉ የሚሠራው ከ1914 እስከ 1925 ላሉት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ቀይም አረንጓዴም ግራጫም ሞዴል ቲ ነበረች። ጥቁሩ ቀለም ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ፋብሪካው ሲፈጥን ደግሞ አንድ ቀለም ብቻ መቀባት ሥራውን ያቀልላል።

ጥያቄ፦ በቀን አምስት ዶላር መክፈሉ ደግነት ነበር ወይስ ብልጠት?

መልስ፦ እኔ ብልጠቱን አስቀድማለሁ። በ1913 መኸር ሃይላንድ ፓርክ በተባለው ፋብሪካው ሻንሲውን እየጎተተ በሠራተኞች ፊት የሚያሳልፍ መስመር ተዘረጋ። ሐሳቡ ከቺካጎ ቄራዎች የተወሰደ ነው፤ እዚያ በሬው ተሰቅሎ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሠራተኛ የድርሻውን ይቆርጣል፤ እዚህ በተቃራኒው እያንዳንዱ የድርሻውን ይገጥማል። አንድ ሻንሲ ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሠራተኛው ግን ቀኑን ሙሉ አንዲት ብሎን ሲያጠብቅ መዋሉ አንገሸገሸው፤ በዚያ ዓመት አንድ የሥራ ቦታ ሳይጎድል ለማቆየት ከሦስት ሰው በላይ መቅጠር ግድ ሆኖ ነበር። በጃንዋሪ 1914 ደመወዙ ከ2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ወደ 5 ዶላር፣ የቀኑ የሥራ ርዝመትም ከ9 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ሆነ፤ ሰዉ በብርድ በሩ ላይ ተሰለፈ።

ግን ግማሹ ደመወዝ አልነበረም፤ ለ"ጥሩ ጠባይ" የሚሰጥ ጉርሻ ነበር። ኩባንያው ቤት ለቤት የሚዞሩ መርማሪዎች ነበሩት፤ ይጠጣል ወይ፣ ይቆጥባል ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ እያሉ ይመዘግባሉ። ስደተኞቹን እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ የምረቃው ዕለት ተማሪዎቹ የአገራቸውን ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ወደተሠራ ትልቅ ድስት ይገቡና በሌላው ወገን የአሜሪካን ሱፍ ለብሰው ይወጣሉ። ስደተኛ ነኝና ይህን ሳነብ ሳቅም ሌላም ስሜት መጣብኝ። የሠራተኛ ማኅበር ሲመጣ ደግሞ ደግነቱ አለቀ፤ በሜይ 1937 በራሪ ወረቀት ሊበትኑ ወደ ሩዥ ፋብሪካ የመጡትን አደራጆች የኩባንያው ጠባቂዎች በጋዜጠኞች ካሜራ ፊት ቀጠቀጧቸው። ውል የተፈረመው በ1941 ነው።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ሄንሪ ፎርድ አይሁድን ይጠላ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፤ ላለሳልሰው አልፈልግም። የራሱ ሳምንታዊ ጋዜጣ ከ1920 ጀምሮ አይሁድን የሚወነጅሉ ተከታታይ ጽሑፎች አትሟል፤ በመጽሐፍ ተጠርዘውም ጀርመን ድረስ ተነበዋል። በ1927 ክስ ሲበረታበት ይቅርታ ጠየቀ፣ ጋዜጣውንም ዘጋ። በ1938 ግን የሂትለር መንግሥት የሰጠውን ኒሻን ተቀብሏል።

ጥያቄ፦ ዶጅ ከፎርድ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ የዶጅ ወንድማማቾች የፎርድ ሞተር ሠሪዎችና ባለአክሲዮኖች ነበሩ። በኋላ የራሳቸውን መኪና ጀመሩ፤ ሄንሪ የትርፍ ክፍፍሉን ሲይዝባቸው ከሰሱት፤ በ1919 ረቱት። እሱም ተናዶ የሁሉንም ባለአክሲዮኖች ድርሻ በ106 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛ።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ከቀደመ ታዲያ ጄኔራል ሞተርስ እንዴት በለጠው?

መልስ፦ ሞዴል ቲን ከመጠን በላይ ስለወደዳት ነው። በ1912 ከአውሮፓ ሲመለስ ሠራተኞቹ የተሻሻለች ሞዴል ሠርተው ሊያስደስቱት አቀረቡለት፤ ዙሪያዋን ተመለከተና በሯን በእጁ ገንጥሎ ጣለ፣ መስተዋቷንም ሰበረ ይባላል። ጄኔራል ሞተርስ በየዓመቱ መልክ የሚቀይር፣ በዱቤ የሚሸጥ መኪና ሲያቀርብ ሄንሪ ዋጋ ብቻ ይቀንስ ነበር፤ እስከ 260 ዶላር ድረስ። ልጁ ኤድሰል ሊመክረው ሞከረ፤ አልሰማም። በ1927 ግን ለተተኪዋ ምንም ሳያዘጋጅ ፋብሪካውን ለወራት ዘግቶ ሞዴል ኤ የተባለችውን መሥራት ጀመረ። በ1932 ደግሞ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተርን ተራው ሰው በሚገዛው መኪና ላይ ገጠመ፤ ለእኔ ከመስመሩ ቀጥሎ ትልቁ ሥራው ይህ ነው። ኤድሰል በ1943፣ ገና በ49 ዓመቱ አረፈ፤ ሽማግሌው ልጁን ቀብሮ እንደገና ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1945 ቦታውን ለልጅ ልጁ ለሄንሪ ሁለተኛው የለቀቀው ቤተሰቡ አስጨንቆት ነው።

ጥያቄ፦ ፎርድ ከሰል ይሸጥ ነበር ሲሉኝ ሳቅሁ። ቀልድ ነው አይደል?

መልስ፦ ሳቅህን መልስ! ሞዴል ቲ ላይ ብዙ እንጨት ስለሚገባ በሚሺጋን ሰሜን የራሱ መጋዝ ቤት ነበረው። ፍርፋሪው ሲከመር ወደ ከሰል ለውጦ፣ ጨፍልቆ በከረጢት፣ በመኪና መሸጫዎቹ ሸጠው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሥጋ የሚጠበስበት ኪንግስፎርድ የሚባለው ከሰል የዚያ ዘር ነው።

ጥያቄ፦ ኤድሰል የምትባለውን መኪና ለምን ማንም አልገዛትም?

መልስ፦ በሟቹ ልጅ ስም በ1957 መኸር በከበሮ ወጣች፤ የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ጠበቃት፣ ዋጋዋ ከሌሎቹ የፎርድ መኪኖች ጋር ተምታታ፣ የፊቷም ቅርጽ መሳቂያ ሆነ። በ1959 መጨረሻ ቆመች፤ ኪሳራው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ።

ጥያቄ፦ ሙስታንግስ? ከውጭ እንጂ ከውስጥ ተራ መኪና ናት የሚል ሰው አለ።

መልስ፦ ሰውየው አልተሳሳተም። ሊ አያኮካ የሚባል የጣሊያን ስደተኞች ልጅ፣ የጦርነቱ ማግስት ልጆች መንጃ ፈቃድ የሚያወጡበት ዕድሜ መድረሱን አሰላ። ለአዲስ ሻንሲ ገንዘብ ስላልተሰጠው ፋልከን ከሚባለው ርካሽ የቤተሰብ መኪና ሥር ወሰደና ረጅም አፍንጫ፣ አጭር ጅራት አለበሰው። በኤፕሪል 1964 በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ በ2,368 ዶላር ቀረበች፤ በመጀመሪያው ቀን 22,000 ትእዛዝ ገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሚሊዮን ደረሰች። አያኮካን ሄንሪ ሁለተኛው በ1978 አባረረው፤ እሱም ሄዶ ክራይስለርን ከመክሰር አዳነ።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። እንደ ክራውን ቪክቶሪያ ያለች መኪና አላየሁም። ለምን አቋረጧት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የስንቱን ሐበሻ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ያስገባች መኪና ናት! ጋራዣችን ሲገቡ ከድምፃቸው አውቃቸው ነበር። ምሥጢሯ አሮጌነቷ ነው፦ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ፣ የኋላ ጎማ የሚገፋ ኃይል፣ ሥራ የማይበዛበት ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር። ብትጋጭ የተጎዳውን ፈትቶ መቀየር ቀላል ነው፤ ፖሊስ ሲጥላት ታክሲው ያነሣታል፣ ስለዚህ መለዋወጫ አይጠፋም። ሥሯ ግን ከ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣ ነበር፤ ነዳጅም ትጠጣለች፤ ከፖሊስና ከታክሲ ውጭ የሚጠይቃት ሰው ጥቂት ነበር። ካናዳ ኦንታሪዮ ያለው ፋብሪካዋ በሴፕቴምበር 2011 ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ሰማያዊው ምልክት ላይ ያለው ጽሑፍ የሄንሪ ፊርማ ነው? ደግሞስ በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ከመንግሥት ብር አልወሰደም የሚባለው?

መልስ፦ ፊርማው አይደለም። ጽሑፉን የሳለው ሃሮልድ ዊልስ የሚባል መሐንዲሱ ነው፤ በልጅነቱ የስም ካርድ እያተመ ይሸጥ በነበረበት ዘመን በለመደው የፊደል አጣጣል። ሁለተኛው ጥያቄህ በግማሹ እውነት ነው። ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር በ2009 ኪሳራ ሲያስመዘግቡ ፎርድ ተርፏል፤ ምክንያቱም በ2006 አለን ሙላሊ የሚባለው ከቦይንግ የመጣ ሥራ አስኪያጅ ባንኮች ገንዘብ በማይነፍጉበት ሰዓት 23.6 ቢሊዮን ዶላር ለመበደር ዋስትና ስላስያዘ ነው። ለማዳን የተሰጠውን ገንዘብ አልወሰደም፤ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ለመሥራት ግን በ2009 ከመንግሥት 5.9 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል። ለባንኮቹ ካስያዛቸው ንብረቶች አንዱ ደግሞ ያው አንተ የጠየቅኸኝ ሰማያዊ ምልክት ነበር፤ የተመለሰለት በ2012 ነው።