ሊኑክስ ልጫን ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለቱም ላፕቶፖቼ ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጄኔሬሽን፣ 4 ጊጋ ራም ናቸው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ቆሟል ሲሉኝ ሰጋሁ። የደንበኛ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ደግሞ ቫይረስ ነው። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ነጻ ነው፣ ቫይረስም አይነካውም ይሉኛል። የሱቁን ሒሳብ የምይዘው በፒችትሪ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንዱን ቀይሪ፣ ሌላውን እንዳትነኪው።

ስጋትሽ ልክ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአብዛኛው ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል በይፋ አይቀበልም። በጓሮ በር የሚጭኑልሽ አይጠፉም፤ እኔ ግን ለሥራ ማሽን አልመክረውም።

በፍላሹ በኩል ሊኑክስ በእርግጥ ያሳርፍሻል። ያ ፎልደር ደብቆ ሾርትከት የሚተካው ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ አይነሳም። እንዲያውም «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ፍላሹ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ የተደበቀው ፎልደር ብዙ ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስንቱን የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ አውጥቻለሁ! ቫይረሱ ግን ፍላሹ ላይ እንዳለ ነው። ካላጠፋሽው ወደ ሌላው ላፕቶፕሽ ይሻገራል።

ራስ ምታቱ ያለው አማርኛው ላይ ነው። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም፣ በእንግሊዝኛ ቁልፎች የፊደሉን ድምፅ እየተከተልሽ አማርኛ መጻፍ ትችያለሽ፤ አንዳንድ ፊደል የሚወጣበት ቁልፍ ስለሚለይ እጅሽ እስኪለምድ መናደድሽ አይቀርም። ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ኒያላ የሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንትም ከሊኑክስ ጋር አብሮ አይመጣም። በሌላ ፎንት ሲተካ መስመሩ ይዛነፍና በ1 ገጽ ያለቀው ማመልከቻ ፊርማው 2ኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። ለማተም ብቻ የሚመጡትን በፒዲኤፍ አምጡ በያቸው።

ፒችትሪ ዊንዶውሱ ላይ ይቆይ። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን አስነሳልሻለሁ የሚል ካለ በራሱ ሒሳብ ይሞክር። ያንን ላፕቶፕ ከኢንተርኔትም ከደንበኛ ፍላሽም አርቂው።

ለሚቀየረው ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት፣ በ4 ጊጋ ራም ይሠራል። ዲስኩ የድሮው ሀርድ ዲስክ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገቢበት። ካልሆነ ሊኑክስም ሲንቀረፈፍ ይውላል።

ወዲያው ፎርማት እንዳታስደርጊ። ሚንትን በ8 ጊጋ ፍላሽ አዘጋጅተሽ ሳትጭኚ ከፍላሹ አስነሺው። ዋይፋዩን አገናኚ፣ ፕሪንተሩን ሰክተሽ አንድ ገጽ አትሚ፣ ስካን አድርጊ። ኤችፒ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። አንዳንድ ካነን ግን ድራይቨሩን ከኩባንያው ድረ ገጽ ካላወረድሽለት ንቅንቅ አይልም። አልሆነም? ፍላሹን ነቅለሽ ሪስታርት አድርጊ፤ ዊንዶውስሽ እንደነበረ ይነሳል።